ስም ያልታተመባቸው ሰማንያ ሳጥኖች

ሐጋ ኢንሺራህ እንደነገሩኝ ከሆነ፣ ለልጁ ስም መምረጫ የተለኮሱት ሁለቱ ሻማዎች እኩል በርተው የ«ነዲም» ቀድሞ ጠፋ። እርሳቸው ከኩሽና ወደ አራሷ ክፍል ሲገቡ የ«ሲራግ» ሻማ ብቻውን ቀጥ ብሎ ይነድ ነበር። ከክፍሉ ወጥተው ለእህታቸው ደውለው የምሥራቹን እየተናገሩ ሳለ ግን ሲት ቡሰይና የሰገነቱን በር ከፈቱና ነፋስ አጠፋው።

ሲት ቡሰይና እንደነገሩኝ ከሆነ ደግሞ፣ የሰገነቱን በር የነካ ሰው የለም። እርሳቸው ወደ ክፍሉ ሲገቡ የ«ሲራግ» ሻማ ጠፍቶ ነበር፤ የሚነደው የ«ነዲም» ነው። ሐጋ ኢንሺራህን ለምስክርነት ሊጠሩ ወጥተው ሲመለሱ ያም ጠፍቶ አገኙት። ያጠፋውም ሌላ ሳይሆን የሐጋ ኢንሺራህ ቀሚስ ነው። «ስትራመድ እኮ መርከብ ናት፤ የቀሚሷ ነፋስ ብቻ ይበቃል» አሉኝ።

ሁለቱም የአንድ ሕፃን አያቶች ናቸው፤ ሐጅ አድርገው ስለመጡ ሐጋ የምንላቸው ኢንሺራህ የአባቱ እናት፣ በአክብሮት ሲት፣ እመቤት እንደማለት፣ የምንላቸው ቡሰይና የእናቱ እናት። ሁለቱም ስለዚያው ክፍልና ስለዚያው ሰኞ ምሽት ነው የሚያወሩት። ሁለቱም በየተራ ሦስት ፎቅ ወርደው፣ እዚሁ አንፉሺ ሠፈር ከሕንፃው ሥር ካለችው የወረቀት ሥራ ክፍሌ ገብተው፣ ያችኑ አንድ ወንበር ይዘው ነው ያወሩኝ። እኔ ሰማንያ የወረቀት ሳጥን ጠረጴዛ ላይ ደርድሬ የሚታተምባቸውን ስም እጠብቃለሁ፤ ሐሙስ የልጁ ሰባተኛ ቀን ነው።

ሻማው መለኮስ የነበረበት በሰባተኛው ቀን ዋዜማ ነው። ለየሻማው አንድ አንድ ስም ይሰጣል፤ መጨረሻ ላይ የቀረው ሻማ ስም የልጁ ይሆናል። ድሮ በዋዜማውና በሰባተኛው ቀን መሐል ሌላ ሥራ አልነበረም። አሁን ግን ለእንግዳ የሚሰጠው የለውዝና የተቆላ ሽምብራ ሳጥን ላይ የልጁ ስም ካልታተመ ሰው ይታዘባል። እኔ ደግሞ ማህተሙን ከእንጨት ለመቅረጽ አንድ ሙሉ ቀን ያስፈልገኛል። ይህን ስነግራቸው ሐጋ ኢንሺራህ «እንግዲያው በአራተኛው ቀን እናብራው፤ ማን ይከሰናል?» አሉ። ስለዚህ ከጥፋቱ የኔም ድርሻ አለበት።

«ኡስታዝ ዋጊህ» አሉኝ ሐጋ ኢንሺራህ ማክሰኞ ጠዋት። ኮሌጅ ስለተማርኩ ነው ኡስታዝ የሚሉኝ፤ ደስ ሲላቸው በማክበር፣ ሲናደዱ በማሾፍ። «ሲራግ ብለህ ቅረጽ። የባሌ ስም ነው። አፈር ይቅለለውና፣ አንተንም ትንሽ ሆነህ ዓሣ ገዝቶ ያበላህ ነበር።»

«ሲት ቡሰይናም መጥተው ነበር፣ ሐጋ።»

«መጣች? ምን አለች?»

«የነደደው የነዲም ነው አሉ።»

«ነዲም ወንድሟ ነው። በጣም ጥሩ ሰው ነበር፤ ምንም አልልም። ግን ሻማው ጠፋ። ሻማ ምን ያድርግላት? እኔ ነኝ ያጠፋሁት?»

እኔ ነገር ቶሎ መቁረጥ አልችልም። ሁለቱንም ወገን ካልሰማሁ እንቅልፍ አይወስደኝም፤ ሁለቱንም ስሰማ ደግሞ ይብስብኛል። ስለዚህ ነገሩን በማስረጃ ልፍታው ብዬ የሻማዎቹን ትራፊ እንዲያሳዩኝ ጠየቅሁ። ሲት ቡሰይና በመሐረብ ጠቅልለው አመጡልኝ። ረዘም ላለ ጊዜ የነደደው ማጠር አለበት። በማስመሪያዬ ለካኋቸው። እኩል ናቸው፤ የጥፍር ያህል እንኳ ልዩነት የላቸውም።

«አየህ!» አሉ ሲት ቡሰይና።

«ምኑን አየሁ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ፤ የተማርከው አንተ ነህ።»

ሁለት ሻማ እኩል ከነደደ እኩል መጥፋት ነበረበት። እኩል ከጠፋ ደግሞ አንዷም አንድ ሻማ ብቻውን ሲነድ አላየችም ማለት ነው። ግን ሁለቱም አይተዋል፤ ሁለቱም ደግሞ ለአንድ ሳንቲም እንኳ የማይዋሹ ሴቶች ናቸው። ትራፊዎቹን ጠረጴዛው ላይ አቁሜ ሳያቸው ዋልኩ። ከሰዓት በኋላ ላይ የትኛው የማን እንደነበረ ራሱ ጠፋብኝ።

የልጁ አባት ሁስኒ ቢኖር ጥሩ ነበር። እሱ ግን ጭነት መርከብ ላይ ነው፤ ስልኩ ወደብ ሲደርሱ ካልሆነ አይይዝም። ልጁ የተወለደ ዕለት የላከው መልእክት አንድ መስመር ብቻ ነው፤ «ሩወይዳ ያለችው ይሁን።» ሐጋ ኢንሺራህ ይህን «ሚስቴ እናቴን ታውቃለች ማለቱ ነው» ብለው ተረጎሙት። ሲት ቡሰይና «ልጄ የእናቷን ልብ ታውቃለች ማለቱ ነው» አሉ። የልጁ እናት ሩወይዳ ራሷ የማንኛቸውንም ትርጉም አላጸደቀችም።

ሩወይዳን ሦስት ዓመት አብራኝ ስለሠራች አውቃታለሁ። ወረቀት አጥፌ ሳጥን የማደርገውና ማህተም የምቀርጸው እኔ ነኝ፤ ቀለም የእሷ ነው። ደንበኞቻችን የሚወዱት የሻማ ሥራዋን ነው። ነጭ ወረቀት ላይ በነጭ ሻማ ትሥላለች፤ በዓይን ምንም አይታይም። ከዚያ የቀጠነ ሰማያዊ ቀለም በሰፊ ብሩሽ ሲያልፍበት፣ ሰሙ ቀለሙን አልቀበል ይልና ሥዕሉ በነጩ ይወጣል። ገዢ ቆሞ ሲያይ ሁልጊዜ ይገረማል። እሷ አትገረምም፤ የት ምን እንዳስቀመጠች ታውቃለችና።

ማክሰኞ ማታ ሳይመሽ ላያት ወጣሁ። አልጋዋ ላይ ተደግፋ ተቀምጣለች፤ ሆዷን ቀደው ነው ያዋለዷት። ልጁ አጠገቧ ተኝቷል። ሁለቱ አያቶች በሩ ጋ ቆመው፣ አራስ የምትጠጣው ሙጋት ውስጥ ምን ያህል ቅቤ መግባት እንዳለበት ይከራከራሉ።

«ሩወይዳ፣ ምን ብዬ ልቅረጽ?» አልኳት።

«ሁለቱም ጥሩ ስም ነው» አለች።

«እሱን አውቃለሁ። አንቺ የትኛውን ነው የፈለግሽው?»

ወደ በሩ አየች። ከዚያ «ክዳኖቹን ላክልኝ» አለች። «የልጄ ሳጥን ላይ እጄ ሳይነካ አይውጣ። ዳር ዳሩን ማዕበል በሻማ እሠራለሁ፣ ቀለሙን አንተ ትቀባለህ። መሐሉን ለማህተም እተውልሃለሁ።»

«ደክሞሽ የለ?»

«ተኝቼ ከምሰማቸው ይሻላል።»

ሐጋ ኢንሺራህ ከበሩ ሆነው «ሰማሁሽ» አሉ።

ክዳኖቹን አወጣሁላት። ስወርድ ከወጣሁበት ጊዜ ይበልጥ ግራ ተጋብቼ ነበር። ሰው የልጁን ስም ተጠይቆ «ክዳን ላክልኝ» ይላል? ምናልባት ለእሷ ምንም ልዩነት የለውም ብዬ አሰብኩ። ምናልባት አለው፣ ግን ማንንም ማስቀየም አልፈለገችም። ወይም ሁለቱንም ትፈልጋለች። ሁለት እንጨት አውጥቼ አንዱ ላይ ሲራግ፣ አንዱ ላይ ነዲም ብዬ በእርሳስ ገልብጬ ጻፍኩ። ማህተም ላይ ስም የሚጻፈው ገልብጦ ነው። ቢላዋውን ግን አላነሳሁም፤ እንጨት አንዴ ከተቆረጠ ይቅርታ አያውቅም። ሐጋ ኢንሺራህ ደግሞ ነግረውኛል፤ ሩወይዳ አርባ ቀኗ ሳይሞላ ከቤት ስለማትወጣ፣ ከድግሱ ማግስት መዝገብ ቤት የሚሄዱት እርሳቸው ናቸው። «የማስመዘግበውም ሳጥኑ ላይ የታተመውን ነው» ብለዋል። ሰማንያ ቤት የገባ ስም አይቀየርም። ስለዚህ እኔ የምቀርጸው የማህተም ስም ብቻ አልነበረም፤ ሩወይዳ ዕድሜ ልኳን ልጇን የምትጠራበትን ነበር።

ረቡዕ ጠዋት ክዳኖቹ ወረዱ። ሰማያዊውን በጥብጬ መቀባት ጀመርኩ። ብሩሹ ሲያልፍ ማዕበሉ ይወጣል፤ በየክዳኑ ዳር ዳሩን ሦስት ነጭ መስመር፣ መሐሉ ንጹሕ። ሰም ባለበት የማህተም ቀለም ስለማይዝ ሩወይዳ መሐሉን ነክታ አታውቅም። ሃያ፣ ሠላሳ፣ አርባ ቀባሁ። ሃምሳዎቹ ውስጥ አንዱ ላይ መሐሉ ላይ ነጭ ነገር ወጣ። እጇ ስቶ ይሆናል ብዬ፣ ለማዳን ቀለም ደገምኩበት። ስደግምበት ይበልጥ ጠራ። ፊደል ነው።

«ኪናን» ይላል።

ብሩሹን አስቀመጥኩ። ቤተሰቡ ውስጥ ኪናን የሚባል ሰው አስታወስኩ፤ የለም። ሠፈሩን በሙሉ አስታወስኩ፤ የለም። ቀሪዎቹን ቶሎ ቶሎ ቀባኋቸው፤ የሁሉም መሐል ንጹሕ ነው። ከሰማንያው አንዱ ላይ ብቻ። ለምን አንድ? ተሳስታ እንዳይሆን? ግን ስም ተሳስቶ አይጻፍም። ለእኔ የላከችው መልእክት ነው? እንደዚያ ከሆነ ለምን ወደ ላይኛው ክዳን አላደረገችውም? ቀለሙ ቀድሞ ቢያልቅብኝ ላልነካው እችል ነበር። አንዱ እንግዳ ሳያውቀው ወደ ቤቱ ይዞት ሊሄድ ይችል ነበር።

ክዳኑ ሲደርቅ ደረቴ ላይ ገልብጬ ይዤው ወጣሁ።

ሐጋ ኢንሺራህ ለነገው የነሐሱን ሙቀጫ እያጠቡ ነው። ሲት ቡሰይና ለሰባተኛው ቀን ልማድ የሚሆኑትን ሰባት ዓይነት እህሎች በየሰሐኑ እየለዩ ነው።

«ቀረጽክ?» አሉኝ ሐጋ ኢንሺራህ። «ነገ ልጁ ጆሮ ሥር ይህን ሙቀጫ እየወቀጥኩ "ሲራግ፣ አያትህን ስማ" ነው የምለው።»

«አያትህን ሲባል እሱ የትኛዋን እንደሆነ ያውቃል» አሉ ሲት ቡሰይና ከእህሉ ቀና ሳይሉ።

«አልቀረጽኩም» አልኩ። እኩል የሆኑት ትራፊዎች ከአእምሮዬ አልወጡም። «አንድ ነገር ልጠይቅ። ሐጋ፣ ሰኞ ወደ ክፍሉ ሲገቡ የሲራግ ሻማ ይነድ ነበር፤ ወይስ እርስዎ ለኮሱት?»

ሙቀጫውን ማጠብ አቆሙ። «ምን ማለትህ ነው?»

«እንዲሁ ነው።»

«ጠፍቶ ነበር» አሉ ቆየት ብለው። «ሁለቱም ጠፍተው ነበር። ነፋስ ያጠፋው ሻማ ደግሞ ፍርድ አይደለም። ስለዚህ… ረዳሁት። ትንሽ ነው የረዳሁት።»

ሲት ቡሰይና ሳቁ። «ረዳሁት ትላለች። ሐጅ ሄዳ መጥታ።»

«እርስዎስ፣ ሲት?» አልኳቸው።

ሳቃቸው ቆመ። «እኔ ስገባም ሁለቱ ጠፍተው ነበር።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ፣ የእሷን ልለኩስላት ነበር እንዴ?»

ሁለቱ ተያዩ። እኔ ይህን ሰምቼ ነገሩ ይጠራልኛል ብዬ ነበር፤ ግን አንዱ ጥያቄ ቀረ። ሁለቴ ማን አጠፋው? እንዲያውም ሦስቴ፤ መጀመሪያ ሁለቱን፣ ከዚያ ሐጋ ኢንሺራህ የለኮሱትን፣ ከዚያ ሲት ቡሰይና የለኮሱትን። ክፍሉ ውስጥ የነበሩት ሩወይዳና አራት ቀን የሞላው ልጅ ብቻ ናቸው።

ወደ አልጋዋ ቀረብኩ። ክዳኑን እሷ ብቻ እንድታየው አድርጌ ገለበጥኩት። አየችው። ከዚያ ቀና ብላ እኔን አየችኝ፤ የተቆጣች ትመስላለች፣ ደግሞ የተገላገለች ትመስላለች፤ የትኛው እንደሆነ አልለየሁም።

«ሁሉንም ቀባሃቸው?» አለች በቀስታ።

«ሁሉንም።»

«አንድ ሳጥን ላይ እንኳ ይኑር ብዬ ነው» አለች። «ከዚያ በሌላው ላይ የፈለጋችሁትን ታትማላችሁ።»

«ልሸፍነው እችላለሁ» አልኳት። «ሌላ ወረቀት ከለጠፍኩበት አይታይም። ወይም አልሸፍነውም። ይህን ግን እኔ አልወስንም፣ ሩወይዳ። ሁለቱንም ስሰማ ነው የሰነበትኩት፤ አንቺን አልሰማሁም።»

«ምንድን ነው የምትንሾካሾኩት?» አሉ ሐጋ ኢንሺራህ፤ እጃቸውን በሽርጣቸው እየጠረጉ መጡ። ሲት ቡሰይናም ሰሐኑን እንደያዙ ተከተሉ። ክዳኑን ከእጄ አልወሰዱም፤ አንገታቸውን አስግገው አነበቡት።

«ኪናን ማነው?» አሉ ሐጋ ኢንሺራህ።

«ማንም አይደለም» አለች ሩወይዳ።

«ማንም ካልሆነማ ምን ያደርግልናል?»

«ለዚሁ ነው» አለች። «ሲራግ ብዬ ስጠራው እርስዎ ባልዎን አስታውሰው ያለቅሳሉ። ነዲም ስለው እናቴ አጎቴን አስታውሳ ታለቅሳለች። ልጁ ገና ሳምንት እንኳ አልሞላውም፤ ሲጠራ ሰው እንዲያለቅስ አልፈልግም። ማንም ያልለበሰው ስም ይልበስ።»

«ሻማው ታዲያ?» አሉ ሲት ቡሰይና።

«ሻማውን እኔ ነኝ ያጠፋሁት፣ ማማ። ሦስቴም።»

ሐጋ ኢንሺራህ አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ አሉ። ተቆጥተው ይሆን፣ ሊስቁ ይሆን፣ ፊታቸውን ሳየው አልገባኝም። ሲት ቡሰይናም ወደ እርሳቸው እያዩ ነበር፤ መጀመሪያ እርሳቸው እንዲናገሩ የሚጠብቁ ይመስላሉ።

«በተሰፋ ሆድሽ ተነስተሽ?» አሉ በመጨረሻ ሐጋ ኢንሺራህ። «ከአልጋ ወርደሽ?»

«ወርጄ።»

«አንቺ ልጅ፣ ስፌትሽ ቢፈታስ?»

ሩወይዳ ልጁን አንስታ ደረቷ ላይ አደረገችው፤ ከዚያ ሁለቱም አያቶች እንዲሰሙ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ወደ እኔ ዞረች።

«ልጄ ኪናን ነው የሚባለው። ውረድና እሱን ቅረጽ፣ ዋጊህ፤ መዝገብ ቤትም አርባ ቀኔን ሳልጠብቅ ራሴ ነኝ የምሄደው።»