ወፍ ተናገረች

ረጀብን የማያውቅ ሰው ግትር ይለዋል። እኔ ስለማውቀው ድርቅናም እጨምርለታለሁ። ሁለታችንም የወሎ ልጆች ነን፤ የየመኑ ጦርነት በጦፈበት ዘመን በሳዑዲዋ ፋራሳን ደሴት ላይ ለአንድ ዓሣ አጥማጅ አሠሪ እንሠራ ነበር። እሱ በየመን በኩል ሳዑዲ በእግሩ የገባ ነው፤ ወረቀት የለውም። እኔ ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃድ፣ አለኝ፤ ግን የአቡ ዓሪሽ ከተማ እርሻ ሠራተኛ ነው የሚለኝ። ባሕር ላይ ከተያዝኩ ኸላስ፣ አበቃ፤ እሱም ይቀደዳል።

አንድ ማለዳ በጦርነቱ ምክንያት የተከለከለው ባሕር ውስጥ ገብተን መረብ ስንስብ፣ አንዲት የጦር ሄሊኮፕተር እያጨሰች ቀጥ ብላ መጣችብን። "አለቀልን!" አልኩ። እላያችን ላይ ልትወድቅ ስትል ወደ ጎን ዞረችና አጠገባችን ካለችው ትንሽ ደሴት ማዶ ሰጠመች። ፈጥነን ደረስን፤ የጠበቀን ዘይት ብቻ ነው። ብንዞር ብንዞር የወጣ ሰው አጣን።

"አብራሪው አይቶን ነው ያዞራት" አለ ረጀብ።

"በራሷ ዞራ ቢሆንስ?"

"ፊቱን አይቻለሁ እኮ! ልጅ ነው። ለእኛ ብሎ ነው።"

ሦስት ቀን ፈላጊዎቹ በሌላ በኩል ሲዳክሩ ዋሉ። ከሄሊኮፕተሯ ጋር ከጠፉት ሦስት ልጆች የአንዱ አባት፣ አቡ ፈይሰል፣ ከወደቡ አይነሱም፤ እህል አይቀምሱም። ረጀብም መብላት ተወ። መናገር ግን ለእሱ በገዛ እግሩ እስር ቤት ገብቶ ወደ አገር መጠረዝ ነው።

"ለምን በወፍ አንነግራቸውም?" አለኝ በሦስተኛው ቀን።

እኛ አገር ሌባ ሲጠፋ አውጫጭኝ ይቀመጣል። ያየ ሰው ለሽማግሌ በስውር ይነግራል፤ ሽማግሌውም "ወፍ እንዲህ አለች" ይላል። ወፏ ማን ናት ብሎ መጠየቅ ነውር ነው። ሐሳቡ ደስ አለኝ። ግመል ሰርቆ አጎንብሶ መሆኑ የገባኝ በኋላ ነው።

ዐረብኛዬ ከእሱ ይሻላል ተብሎ ወደ አቡ ፈይሰል እኔ ተላክሁ። "ያ ዓም፣ አጎቴ፣ ጠይር ተናገረች፤ ከትንሿ ደሴት ማዶ ናት" አልኳቸው። ጠይር ማለት ወፍ ነው። ሽማግሌው ግን ጠያራ ብለው ሰሙት፤ ጠያራ ደግሞ አውሮፕላን!

"ጠያራዋ ተናገረች? የልጄ ድምፅ ተሰማ?" ብለው ሲሚንቶው ላይ በግንባራቸው ተደፉ፤ አልሐምዱሊላህ እያሉ አለቀሱ። ሰው ተሰበሰበ፤ ባሕር ጠባቂዎቹም መጡ። ምን ልበል? ወፍ ነው ያልኩት ልበል?

ረጀብ ከኋላዬ መጣ። "ተው!" ብዬ እጁን ብይዘው መነጨቀኝ። ሽማግሌውን ቀስ ብሎ አነሣቸው።

"ያ ዓም፣ ማንም አልተናገረም" አላቸው በተሰባበረ ዐረብኛው። "ያየሁት እኔ ነኝ። ሰጥማለች። የወጣ ሰው አላየሁም።"

ወላዲቱን! እንዲህ ያለ ወንድ አይቼ አላውቅም። እኔ ብሆን ሰውየውን በውሸት ደስታቸው ላይ ጥዬ እሮጥ ነበር።

በባሕር ጠባቂዎቹ ጀልባ ወሰዱት፤ እኔንም ለትርጉም ጫኑኝ። ረጀብ የመስጊዱን ሚናራ ከተምር ዛፎቹ ጋር አስተካክሎ፣ ደሴቷን በቀኝ ትከሻው አድርጎ "እዚህ" አለ። ጠላቂዎቹ ወረዱ። ከሰዓት በኋላ ሦስቱንም አወጧቸው፤ ትልቁ ሃያ አምስት ቢሞላው ነው። ረጀብ አንዱን ሲያይ "እሱ ነው፣ የዞረልን" አለኝና ስቅስቅ ብሎ አለቀሰ። ያን ጊዜ እኔም አመንኩት።

ወደብ ስንደርስ አቡ ፈይሰል ረጀብን ግንባሩን ሳሙት። የጠባቂዎቹ መኮንን ግን መመዝገቢያ ወረቀቱን አወጣ። ኢቃማ? የለም። የተከለከለው ባሕር ገብተሃል? አዎ።

"መረብ ለብቻ አይሳብም። ማን ነበር አብሮህ?"



"ብቻዬን ነበርኩ" አለ ረጀብ።

መኮንኑ ወደ እኔ ዞረ። "ይኼስ?"

"ይኼ?" ረጀብ ሳቅ አለ። "እኔን ሊጠይቅ የመጣ የአቡ ዓሪሽ ገበሬ ነው። ባሕር ይፈራል።"

መኮንኑ ኢቃማዬን አገላብጦ አየና "እውነት ነው? ትፈራለህ?" አለኝ።

"አዎ፣ እፈራለሁ" አልኩ። ረጀብን ይዘውት ሄዱ።