ጥንስሱ ሳይሞቅ

አልኮል ፋብሪካው እንዲቀጥራት ደጅ የጠኑላት የባሏ ታላቅ ወንድም ናቸው። ኢንጂነር ሆናም «ጋሼ» ነው የምትላቸው። እሳቸው አልኮሉ የሚጣራበትን ማማ ሲቆጣጠሩ ፀጉራቸው ሸብቷል።

አንድ ቀን ጠዋት፣ ተብላልቶ ገና ያልተጣራው ጥንስስ ማማው ውስጥ ከመግባቱ በፊት የሚያልፍበት ማሞቂያ ሲያንጠባጥብ አየች። ጥንስሱ ማሞቂያውን ትቶ በጎን መስመር እንዲሄድ ቫልቩን አዞረችና ስብሰባ ተጠርታ ሮጠች። ለጋሼ ሳትነግራቸው።

ጥንስሱ እንደቀዘቀዘ ገባ። ወደ ላይ የሚወጣውን እንፋሎት እየመታ መልሶ ፈሳሽ አደረገው፤ የማማው የታችኛው ክፍል ሙቀት ወረደ። ጋሼ እንፋሎት ጨመሩ። ወረደ፤ ደግሞ ጨመሩ። በመጨረሻ ከላይ የሚወርደውና ከታች የሚገፋው ተፋጠጡና ማማው ታነቀ። የቀኑ ምርት ገደል ገባ።

ሥራ አስኪያጁ ጋሼ ላይ ሲጮኽ ቫልቩ ትዝ አላት። ክው አለች። «ምንድን ነው ምክንያቱ?» ሲላት ግን፣ «እንፋሎቱ በዝቶ ነው» አለች። ሐሰት አይደለም፤ ዋናውን ነገር ግን አልተናገረችም።

ጋሼ ወደ መጋዘን ተዛወሩ።

እሁድ ከባሏ ጋር እነጋሼ ቤት ምሳ ተጠሩ። «ጡረታ ካልወጣሁ እያለ ነው» አለች የጋሼ ሚስት፣ «ዓይኔ ደክሟል ይላል።»

«ምን ላድርግ፣ ማማው እንኳ ናቀኝ!» ብለው ጋሼ ሳቁ።

ሳህኗን ገፋ አደረገች።

«ጋሼ፣ እርስዎ አይደሉም። ማሞቂያውን የዘጋሁት እኔ ነኝ። ጥንስሱ ቀዝቅዞ ነው የገባብዎት።»

ባሏ ሹካውን አስቀመጠ።

«ያን ጊዜ ታውቂ ነበር?» አሉ ጋሼ።

«ሥራ አስኪያጁ ሲቆጣዎት ትዝ ብሎኛል።»

«ቁጣውስ ይቅር። እኔ እኮ አበቃልኝ ብዬ አምኜ ነበር፣ ልጄ።»

በማግስቱ ለሥራ አስኪያጁ ተናገረች፤ ማስጠንቀቂያ ተሰጣት፣ ጋሼም ወደ ማማቸው ተመለሱ። ቂም አልያዙባትም፤ እንደ ድሮው ይቀልዳሉ። ብቻ እንፋሎት ከመክፈታቸው በፊት ያስጠሯታል።

«ጥንስሱ ሞቋል?»

«ሞቋል፣ ጋሼ።»

ትንሽ ቆይተው ደግሞ፣ «እርግጠኛ ነሽ?» ይላሉ።

የሚጠራጠሩት እሷን ይሁን ራሳቸውን አልለየላትም። ለመጠየቅም ድፍረቱን አጣች።