የአዝመራው ተዝካር

ሸዕባን የዚያን ቀን አልገባም አለ። ጨውና ላምባ የጫኑ አህዮቹን ከአጥሩ ማዶ አቁሞ «እዚሁ ይበቃኛል» አለ።

ከቆላው የመንገድ ዳር ከተማ ወደ ላሊበላ ገበያ በወጣ ቁጥር እማማ አመተ ጊዮርጊስ ቤት ሳያርፍ አልፎ አያውቅም። እማማ ከደጃፉ ሆነው አዩት።

«ምነው ሸዕባን? ልጄ ቢሞት ቤቴ ረከሰብህ?»

«አስተግፊሩላህ፣ እንዲህ አይበሉ እማማ። የምፈራው ለእርስዎ ነው። እኛ ሰፈር ሰው እየወደቀ ነው፤ ጠዋት ታሞ ማታ ይቀበራል። ትናንት የአጎቴን ልጅ ጀናዛ በአራት ሰው ሸኘነው። ሐኪሞቹ ሕዝብ አይሰብሰብ አሉ፤ ሼኾቻችንም እሺ አሏቸው።»

«በአራት ሰው?» አሉ እማማ። «ምን አጥፍቶ?»

ሸዕባን «አብሽሩ፣ አላህ ያጥናዎት» ብሎ አህዮቹን ነዳ። ለተዝካሩ የምለቅመው ምስር ከሰፌዱ ላይ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ድንጋዩን ከምስሩ መለየት አቃተኝ።

አዝመራው ባሌ ነው፤ የእማማ አመተ ጊዮርጊስ አንድ ልጅ። የአፈርና የውሃ ጥበቃ ባለሙያ ስለነበር በዚያ ዓመት ቆላ ወርዶ እርከን ያሠራ ነበር። እኔ በወልዲያ ሳይንስ አስተምራለሁ። ልጠይቀው በወረድኩበት ሳምንት ታመመና ሞተ፤ ሐኪሞቹ እንዳዘዙትም እዚያው ወዲያው ተቀበረ። እናቱ ሬሳውን አላዩም፤ መርዶውን ብቻ ሰሙ። «ድንገተኛ ሕመም» ተባሉ፤ እኔም ከዚያ በላይ አልጨመርኩም። የበሽታውን ስም መጥራት ክልክል ነበር፤ አንድ ካድሬ እንዳልናገር መክሮኛል። ዝም ያልኩት ግን ካድሬውን ፈርቼ አይደለም። የልጃቸው አሟሟት በእኔ ዘንድ ብቻ እንዲቀር ፈልጌ ነበር።

አርባው ቀን ሊደርስ አንድ ሳምንት ቀርቶታል። የላስታ ዘመድ ሁሉ፣ ከአሸተን ማርያም ማዶ ያለው ሳይቀር፣ ተጠርቷል። እማማም ከመርዶው ወዲህ ቀና ያሉት ድግሱን መደገስ ሲጀምሩ ነው።

ምስሩን አስቀምጬ ወደ ምንጩ ወጣሁ። ለተዝካሩ ጠላ ውሃ የሚቀዱ ሴቶች ተሰልፈዋል። የመጀመሪያው ዝናብ ጥሎ ስለነበር የፍየሉም የሰዉም እዳሪ ከመንገዱ ታጥቦ ወደታች ይወርዳል። ወደ ምንጩ እንዳይገባ የሚያግደው ከበላዩ ያለው የጥድና የወይራ ደን ነው፤ በአካባቢው ከተራቆቱት ተዳፋቶች መሐል ተርፎ የቀረ። ደኑን ያስከለለውና ያሳጠረው አዝመራው ነበር። አሁን ለድግሱ ማገዶ የሚቆረጡት ዛፎች ግንዳቸው እየተላጠ ምልክት ተደርጎባቸዋል።

በቆላ ያለው ሐኪም የነገረኝ ከአእምሮዬ አልወጣ አለ። «ይህ በሽታ በእግሩ አይሄድም፤ ሰው ነው ተሸክሞ ደጋ የሚያወጣው። ክረምት ሲገባ ውሃ አፍሉ፤ ለቅሶም ሆነ ድግስ አትሰብሰቡ።» ቆላ ያሉ ዘመዶቻችንም ለተዝካሩ ይወጣሉ። በሽታውን ለማምጣት አንድ ሰው ይበቃል። ጠላ ሲጠመቅ የሚጨመረው ውሃ አይፈላም፤ ሁሉም የሚጠጣው ከዚሁ ምንጭ ነው።

የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ደባሱ ከደኑ ጫፍ ተቀምጦ መጥረቢያ ይስላል።

«ጓድ ሊቀመንበር» አልኩት።

«ጓድ ካልሽኝ ነገር ፈልገሻል።»

ድግሱን እንዲያግድልኝ ለመንኩት። መጥረቢያውን ገልበጥ አድርጎ ስለቱን አየ።

«ሕዝብ አትሰብስቡ የሚል መመሪያ አልደረሰኝም። የደረሰኝ ሰብስቡ የሚል ነው፤ በየሳምንቱ።»

«በሽታ አለ፣ ደባሱ።»

«ስሙ ማን ይባላል?»

ዓይኔን ወደ ምንጩ አዞርኩ።

«አየሽ፣ አንቺም አትጠሪውም። ስም የሌለውን በሽታ ምን ብዬ ልከልክለው?»

«ደኑስ? አጥሩ ሲታጠር አንተም ነበርክ።»

«የሚቆረጠው ለእሱው ነፍስ ነው። ባልሽ እኮ አስቸጋሪ ሰው ነበር። ዛፍ አትቁረጡ ይለናል፤ ዞር ይልና ውሃ አፍሉ ይለናል። በምን እናፍላው፣ በጸሎት?»

«ለአንድ ቤት ውሃ ጭራሮና ኩበት ይበቃል። ደን የሚጨርሰው ድግስ ነው።»

ፈገግ አለ፤ አዝመራውም እንዲሁ ይመልስለት የነበረ ይመስለኛል። «ነገ ጠዋት ሰዎቹ ይመጣሉ። እሜቴ አመተ ጊዮርጊስ ይቅር ካሉ መጥረቢያዬን ይዤ ቤቴ እገባለሁ። ሌላ ማንም አያስቀረኝም።»

ወደ ቤት መመለስ አልቻልኩም። ወደ ገነተ ማርያም ወረድኩ። የቤቱ ንስሐ አባት አባ ተክለ ሚካኤል ከቅጽሩ ውጭ ጸሐይ ይሞቃሉ። ተቀመጪ ቢሉኝም እንደቆምኩ ሐኪሙ ያለውን ነገርኳቸው።

«ፍትሐቱ የእኛ ነው፤ ድግሱ የእናንተ» አሉኝ። «የአዝመራው ነፍስ ጠላ አትጠጣም።»

«እንግዲያው ይህንኑ ለእማማ ይንገሩልኝ፣ አባ።»

«ቄስ ድግስ ይቅር ሲል ማን ያምነዋል? አባ ጨጓራቸውን አሟቸው ነው የሚሉት።» ትንሽ ሳቁና ሳቃቸውን ገቱት። «ያቺ ሴት ልጇን አልቀበረችም። ተዝካሩን ሊያስተዋት የሚችለው ልጇ ራሱ ነው። እንዴት እንደሞተ የምታውቂው ደግሞ አንቺ ነሽ። ወይስ አታውቂም?»

ተሳልሜ መንገዴን ያዝኩ። አቀበቱን ስወጣ መቶ ዓይነት ሌላ መንገድ አሰብኩ። ጠላው ተበላሽቷል ልበል? ታምሜያለሁ ልበል? ጋኖቹን ልስበር? የማይሆነውን ሁሉ አሰብኩ፤ የሚሆነው አንድ ብቻ መሆኑን ስለማውቅ።

እማማ ጌሾ እየወቀጡ ሳለ ደረስኩ።

«የት ጠፋሽ? ሽሮው አልተነፋም።»

«እማማ፣ ተዝካሩ ይቅር።»

መውቀጣቸውን አላቆሙም። «ሸዕባን አስፈራራሽ።»

«ሸዕባን እውነቱን ነው። ሰው ከተሰበሰበ ሰው ይሞታል።»

አሁን አቆሙ። «አልገነዝኩትም። አፈር አላለበስኩትም። የቀረኝ ይሄ ነው። ይሄንን ነው ይቅር የምትዪኝ?»

«አዎ።»

«ዓይንሽ እንኳ አላነባም» አሉኝ፤ ድምፃቸው ከፍ አላለም። «ሰዉ ሁሉ ይለኛል። የተማሩ ሰዎች ልማዳቸው ነው እያልኩ የምመልስልሽ እኔ ነኝ። ለእሱ አንድ ቀን ሰው ሰብስቤ ላልቅስ ስል ግን…»

«አዝመራው የሞተው በኮሌራ ነው።»

ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ቀላል ነበር። የሚከብደው ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ነገርኳቸው። ጠዋት ከእኔ ቀድሞ ተነሥቶ ደጋግሞ እንደወጣ። እኩለ ቀን ላይ ዓይኑ ጠልቆ፣ የጣቶቹ ቆዳ ቀኑን ሙሉ ልብስ ሲያጥብ እንደዋለ ሰው ተሸብሽቦ እንደነበር። ልብሱን ቶሎ ቶሎ መለወጥ እንዳቃተኝ፣ እሱም በዚህ እንደተሸማቀቀ። ሐኪሞቹ ሲደርሱ ድምፁ እንደተዘጋ።

«ውሃ አፍሉ እያለ ሕዝቡን ሲያስተምር የከረመው እሱ አልነበረም እንዴ?» አሉኝ።

«እሱ ነበር። የእርከን ሠራተኛ ቤት ገብቶ ጠላ ቀዱለት። ውሃው ከየት እንደተቀዳ ያውቅ ነበር። ሰዎቹ ድሆች ናቸው፤ ንቀውን ነው እንዳይሉ ፈራ። ‹እንቢ ማለት አልሆነልኝም› አለኝ።»

እማማ እጃቸውን ከዘነዘናው ላይ አነሡ።

«እኔ ነኝ ያስተማርኩት» አሉ። «የሰው ቤት የቀረበልህን አትመልስ እያልኩ። ሕፃን ሆኖ አንድ ጊዜ ቢመልስ መትቼዋለሁ።»

ዝናቡ ጣሪያውን መምታት ጀመረ። ልነካቸው ፈልጌ ሳልነካቸው ቀረሁ።

«ውሃ ጠየቀሽ?»

«ጠየቀኝ።»

«ሰጠሽው?»

«እያፈላሁ፣ እያቀዘቀዝኩ። እስከ መጨረሻው።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ የተወቀጠውን ጌሾ በሰፌድ ሰብስበው ወደ ጓዳ ገቡ። በዚያ ቀን ከእኔ ጋር ሌላ ቃል አልተነጋገሩም። ተዝካሩን ይቅር አሉ ወይስ አላሉ፣ አላወቅኩም። ጎኔን አሳርፌ ጎህ እስኪቀድ ድረስ የጓዳውን ድምፅ አዳመጥኩ።

ጠዋት ቤት ውስጥ አልነበሩም። ሮጬ ወጣሁ። ከደኑ ጫፍ፣ ምልክት ከተደረገባቸው ጥዶች ፊት፣ ዘንጋቸውን ይዘው ቆመዋል። ደባሱና መጥረቢያ የያዙ ሰዎች ከፊታቸው ናቸው።

«ድግሱ ቀርቷል» ይላሉ እማማ። «ወደየቤታችሁ ግቡ።»

«እንዴ፣ እሜቴ» አለ አንዱ። «የአንድ ልጅዎን ተዝካር በአስተማሪ ምክር አስቀሩት?»

«አዎ አስቀረሁት። አንተም ጠላ ቀረብህ።»

ሌሎቹ ሳቁ። እሱ ግን አልተወም፤ «ሰው ምን ይላል? ነፍሱስ?» አለ።

«ልጄን የገደለው ኮሌራ ነው። ከሰው ቤት ጠላ ጠጥቶ ነው የሞተው። በእሱ ስም ለእናንተ ያንኑ እንድቀዳላችሁ ነው የምትፈልገው?»

ሳቁ ቆመ።

«ይህን ቃል እኔ አልሰማሁም» አለ ደባሱ። ወደ ሰዎቹ ዞረ። «እናንተ ግን ሰምታችኋል። ለየቤታችሁ ንገሩ። ውሃ አፍሉ። ከዚህ ደን የሚነሣው የወደቀ ጭራሮ ብቻ ነው፤ ይሄኛውን ትእዛዝ ሰምቼዋለሁ።»

በአርባው ቀን አባ ተክለ ሚካኤል ከአንድ ዲያቆን ጋር ፍትሐቱን አደረሱ። ለድግሱ የተዘጋጀው እህል በጥሬው በቁና እየተሰፈረ በአጥሩ ላይ ለነዳያን ታደለ። መልእክቱ ያልደረሳቸው ዘመዶች ከሩቅ መጡ። ልንሳሳም፣ ተቃቅፈን ልናለቅስ አልቻልንም፤ ከአጥሩ ማዶ ቆመው አለቀሱ። አንዳንዶቹ ቅር ብሏቸው ፊታቸውን አዞሩ። የእማማ ወንድም ከዚያ ወዲህ ደጃችንን አልረገጠም።

በዚያ ክረምት በሽታው በቆላው መንገድ ዳር ብዙ ቤት ዘጋ። እኛ ዘንድ አልወጣም። እኛ ስለተጠነቀቅን ነው ብዬ መማል አልችልም፤ ያልሞተን ሰው ይሄ ነው ብሎ ማሳየት አይቻልም። ስለዚህም ማንም አላመሰገነንም፤ አሁንም ተዝካር ከልካይዋ የሚሉኝ አሉ።

የመጨረሻዎቹ ዘመዶች ሲሄዱ እማማ አመተ ጊዮርጊስ አጥሩ ሥር ካለው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ፤ ከጎናቸውም ቦታ ለቀቁልኝ።

«ያን ቀን ለተዝካሩ ስትዪ በጥድፊያ ነው የነገርሽኝ» አሉ። «አሁን ለእኔ ንገሪኝ። ጠዋት ሲነሣ ምን ለብሶ ነበር?»

ግራጫ ሹራቡን፣ አልኳቸው፤ እሳቸው የፈተሉትን። ከዚያ መናገር አቃተኝ። እሳቸውም እስክችል ጠበቁኝ።