የአባ ዝጋው ምስክርነት

ሰው ሁሉ አባ ዝጋው ይላቸዋል። ስሙን ያወጣላቸው የሰፈሩ ፀጉር አስተካካይ ነው። ጢማቸውን ሊላጩ በተቀመጡ ቁጥር፣ ምላጩ ጉሮሯቸው ላይ እያለ እንኳ፣ ያቺን ታሪክ ሳያወሩ ተነስተው አያውቁማ!

ታሪኳ አጭር ናት። የዛሬ አርባ ዓመት፣ ከወንዝ ማዶ የሚኖሩ ሰዎች በየመሥሪያ ቤቱ በኋላ በር ብቻ እንዲገቡ የሚያዘው ሕግ ይሻርልን ብለው አደባባይ ወጡ። እሳት አደጋ ውሃ እንዲረጭባቸው ታዘዘ። ቱቦውን የያዙት እሳቸው ነበሩ። አዛዡ «ልቀቀው!» ብለው ሲጮሁ እሳቸው መዝጊያውን ቀጭ አድርገው ዘጉት፤ ሰላምታ ሰጡና «ጌታዬ፣ እኔ የተቀጠርኩት እሳት ላጠፋ እንጂ ሰው ላጠፋ አይደለም» አሉ። በቃ፣ ይኸው ነው።

ከመደጋገሟ የተነሳ ታሪኳ እንደ ደረጃ መደገፊያ ለስልሳ፣ የያዛት ሁሉ ሳይቧጠጥ የሚወርድባት ሆናለች። ያላመናት ሰው አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም ራሳቸው አባ ዝጋው። እሳቸውም ቢሆኑ ካለፉት አሥር ዓመታት ወዲህ እጅ እየሰጡ ነበር።

ከሁሉ አብልጣ ያመነቻቸው ግን የልጅ ልጃቸው ናት። ሌላው ልጅ በጅብና በዝንጀሮ ተረት ሲያንቀላፋ እሷ ያደገችው በቱቦ ነው። ሦስተኛ ክፍል ሳለች «አያትሽ ጉረኛ ነው» ያላትን ልጅ ጥርሱን አውልቃ ወላጅ አምጪ ተብላለች፤ የተጠሩት ወላጅ ደግሞ ራሳቸው አባ ዝጋው ነበሩ፤ ተቆጥተው ሳይሆን ደረታቸውን ነፍተው ነው የተመለሱት። አሁን አሥራ ሁለተኛ ክፍል ደርሳለች። ሚስታቸው ሞታለች፤ ጉልበታቸው ከድቷል፤ የሥራ ጓደኞቻቸው ተራ በተራ አፈር ለብሰዋል። የቀረላቸው በዚህች ልጅ ዓይን ውስጥ የሚኖረው ያ መዝጊያ የዘጋ ጎልማሳ ብቻ ነው። እሱ ከሞተ ሌላ ቀባሪ አያስፈልጋቸውም።

እንግዲህ ትምህርት ቤቱ «የምስክሮች ሳምንት» አዘጋጀ። ችግሩ ምስክር መጥፋቱ ነበር። ከትግሉ ሰዎች ገሚሱ ሞተዋል፤ ገሚሱ ባለሥልጣን ሆነዋል፤ ቀጠሮ በማግኘት ረገድ በሁለቱ መካከል ልዩነት የለም። የተረፉት ደግሞ ስለተኳረፉ አንድ መድረክ ላይ አይቀመጡም። ዳይሬክተሩ ግራ ተጋብተው ሳለ ልጅቱ እጇን አወጣች፤ «የኔ አያት አሉ» አለች። ዳይሬክተሩ ታሪኩን ሲሰሙ በደስታ ሊፈነዱ ደረሱ። ምንም ደም የለበት፣ ማንንም አያስቀይም፣ ሲቀረጽ ደግሞ አጭር ነው። በሳምንቱ «ቱቦውን የዘጋው እጅ» የሚል እብነ በረድ አሠርተው አዳራሹ ግድግዳ ላይ አስተከሉና ጨርቅ አለበሱት።

የታሪክ መምህሯ ግን ሌላ ዓይነት ሰው ናት። ለተማሪዎቿ የሰጠቻቸው ሕግ አንድ ነው፦ «ምስክርን ምን ተሰማህ ብላችሁ አትጠይቁ። ስሜት እንደ ላስቲክ ነው፤ እስከ ጎተቱት ድረስ ይሄዳል። እጅህ የት ነበር? እግርህ ምን ረግጧል? ከኋላህ ማን ቆሟል? ይህን ጠይቁ፤ የሰማችሁትን ሁሉ ጻፉ፤ በመጨረሻ ምስክሩ በየገጹ ይፈርም።»

ቀኑ ደረሰ። አባ ዝጋው የድሮ የደንብ ልብሳቸውን ለበሱ። ናፍታሊኑ ከሦስት ወንበር ርቀት ያስነጥሳል፤ ቁልፎቹ አልገናኝም ብለው ሴት ልጃቸው ብብቱ ሥር ጨርቅ ቀጥላላቸዋለች። አዳራሹ ጢም ብሏል። ልጅቱ ደብተሯን ይዛ ከፊት፣ መድረኩ ሥር ተቀምጣለች፤ ጸሐፊዋ እሷ ናት።

«አባታችን» አሉ ዳይሬክተሩ፣ የሚያፏጨውን ማይክራፎን በጥፊ መታ መታ አድርገው፣ «በዚያች ቅጽበት ምን ተሰማዎት?»

መምህሯ ጥጓ ላይ ሆና ዓይኗን ጨፈነች።

አባ ዝጋው ታሪኳን ለቀቋት። ቀጭ አለ መዝጊያው፤ ሰላምታው ተሰጠ፤ «እሳት ላጠፋ እንጂ» ሲሉ አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ልጅቱ መስማት ሳያስፈልጋት፣ ከንፈሯ አብሯቸው እየተንቀሳቀሰ፣ ጻፈች።

ዳይሬክተሩ ግን ድግሱን በዚህ አላበቁም፤ ተውኔት አሰናድተው ነበር። አንድ የአሥረኛ ክፍል ልጅ የካርቶን ቆብ ደፍቶ ወጣ። ግድግዳው ላይ ካለው የመስታወት ሳጥን የአዳራሹን የእሳት ቱቦ ጎትቶ አወጣ፤ ከቱቦው ጋር ሁለት መጥረጊያና አንድ የጽዳት ሠራተኛ ነጠላ ጫማም አብረው ወጡ። ቱቦው ከተገዛ ጀምሮ ውሃ ቀምሶ አያውቅም። ልጁ የቱቦውን አፍ እንደ ጊታር ብብቱ ሥር አቀፈው፣ መዝጊያውን ቀጭ አደረገና ሰላምታ ሰጠ።

«ሞትክ!» አሉ አባ ዝጋው።

ልጁ ደነገጠ። «እ?»

«ሞትክ እኮ ነው የምልህ! ማነው እንዲህ ያስያዘህ? አንተ ብቻ ሳትሆን ከኋላህ ያለውንም ገደልከው።» ተነሱ። ጉልበታቸው የት እንደሄደ እንጃ፣ መድረኩን በሁለት እርምጃ አቋርጠው ቱቦውን ቀሙት። «ግራ እግር ወደፊት! ክርንህን ከጎንህ አጣብቅ። አሁን አንድ ሰው ከኋላ ይምጣ። አንተ፣ ረዘም ያልከው፣ ና! ትከሻህን ጀርባው ላይ ጣል፤ ተደገፈው። እንዲህ ነው። ይኼ ነገር ውሃ ሲሞላ በሬ ነው፤ ብቻህን አትይዘውም።»

ተማሪው መሳቅ ጀመረ። ደስ ብሎታል። አባ ዝጋውም ደስ አላቸው፤ ከአርባ ዓመት በኋላ እጃቸው ሥራውን አገኘ።

«መዝጊያውንስ ጋሼ?» አለ ልጁ።

«በአንዴ አይዘጋም! የሚሮጥ ውሃ ፊት በር ብትዘጋ ይመለስብሃል። ወይ ቱቦው ይፈነዳል፤ ወይ ፓምፑ ይሰነጠቃል፤ ወይ አንተ ጣሪያ ላይ ትገኛለህ። ግራ እጅህን ታነሳለህ፤ ፓምፑ ጋ ያለው ሰው ሲያይህ ይቀንሳል፤ ከዚያ ቀስ፣ ቀስ፣ ቀስ። ግማሽ ደቂቃ ይፈጃል፤ እሱም ፓምፑ ጋ ያለው ወሬ ካልያዘ ነው። ቀጭ የሚያደርግ የአንድ ሳምንት ምልምል ብቻ ነው።»

ከኋላ ወንበር አንዱ፣ ተንኮል ሳያስብ፣ ለሳቅ ያህል ብቻ፣ «እርስዎ ቀጭ አላደረጉም እንዴ አባባ?» አለ።

አዳራሹ ሳቀ። አባ ዝጋውም ሊስቁ አፋቸውን ከፈቱ፤ ሳቁ ግን አልመጣም። የልጅ ልጃቸውን አዩ። ልጅቱ አልሳቀችም። ብዕሯ ቆሟል። የጻፈችውን ወደ ኋላ ገልጣ አነበበች፤ ከዚያ እንደ ተማረችው፣ እንደ ማንኛዋም ተማሪ፣ ጠየቀች።

«ከኋላዎ ማን ነበር?»

ለሰው ዋሽቶ መኖር ይቻላል፤ ለሥራ ግን አይቻልም። «አዎ፣ ቀጭ አደረግሁት» ቢሉ ነገሩ ያልቅ ነበር። አንዲት ቃል ናት። ግን በዚያ አዳራሽ ፊት፣ ትክክለኛውን አያያዝ ካሳዩ በኋላ፣ እንደ ምልምል ዘጋሁ ማለት አልሆነላቸውም። አርባ ዓመት የጠበቁትን ስም የጣለው ሕሊና ሳይሆን የሙያ ኩራት ነው።

«ረጅሙ እንለው ነበር» አሉ። «ጓደኛዬ ነው።»

«ፓምፑ ጋ ያለው ሰው እጅዎን አይቶ ቀነሰ?»

«እጄን አላነሳሁም።»

«እና ውሃው?»

አባ ዝጋው ቱቦውን አልለቀቁም። «መጀመሪያ ወደ ላይ ነው የረጨነው። የታዘዝነው እሱን ነው፤ ከራሳቸው በላይ። እንደ ዝናብ ወረደባቸው። ቀኑ ያቃጥል ነበር፤ ሰዎቹ ደስ አላቸው። አንዷ ‹ሳሙናውስ የታለ?› ብላ ጮኸች። ሰልፈኛው ሁሉ በሳቅ ፈረሰ። ከእኛም የሳቀ ነበር።»

«ከዚያስ?»

«ዝቅ አደረግሁት።»

«ማን አዘዘዎት?»

«ማንም።» በመሐረብ ግንባራቸውን ጠረጉ። «ፓምፑ አዲስ ነበር። በዚያው ወር ነው የገባው። በሙሉ ኃይሉ የት ድረስ እንደሚሄድ አላየሁም ነበር።»

አባ ዝጋው ቱቦውን ወደ ጎናቸው ሳብ አደረጉ።

«ረጅሙ ተው አለኝ። ሁለት ጊዜ አለኝ። ከዚያ ትከሻውን ከጀርባዬ አንስቶ ወደ አዛዡ ሄደ። እሳት ላጠፋ እንጂ ሰው ላጠፋ አልተቀጠርኩም ያለው እሱ ነው። በማግስቱ አባረሩት፤ መጋዘን ሲጠብቅ ሞተ። እኔ ብቻዬን ያዝኩት። ስምንት ደቂቃ! በሙሉ ኃይሉ ብቻውን የያዘው ሰው እስከ ዛሬ የለም።» የመጨረሻዋን ሲናገሩ ደረታቸው ተነፋ። መነፋቱን አዳራሹ ካየ በኋላ ነው እሳቸው ያወቁት።

«ሳሙና ያለችውስ?» አለች ልጅቱ። ድምጿ ቀጭን ሆኗል፤ እጇ ግን ይጽፋል።

«ውሃው አደባባዩ ጥግ ያለ መድኃኒት ቤት የብረት በር ላይ ወረወራት። የተመታችው ዓይኗን ነው።»

«የትኛውን?»

«ግራውን።»

«እትዬ ፎቶ ኮፒ!» አለ ከኋላ ያ ቀልደኛ፤ አሁን ግን ቀልድ አልነበረም።

አባ ዝጋው አዎ በሚል ራሳቸውን ነቀነቁ። ከትምህርት ቤቱ በር ሃያ እርምጃ ላይ፣ ባለ አንድ ዓይኗ ሴትዮ ለተማሪ ሁሉ ማስታወሻ ስታባዛ ዓመታት አልፈዋል። የምስክሮች ሳምንቱን መጥሪያ ወረቀት፣ ሦስት መቶውንም ቅጂ፣ ያነሳችው እሷ ናት። እሷን የጠራት ግን የለም፤ ዳይሬክተሩ «አፏ ስለማይገራ ለመድረክ አትሆንም» ብለው ነበር። አባ ዝጋው በበኩላቸው በዚያ በር አልፈው አያውቁም፤ ዛሬም የገቡት በጓሮ በኩል ነው።

ዳይሬክተሩ ዘለው ማይክራፎኑን ያዙ። «ትሕትና!» አሉ፣ ላብ አጥምቋቸው። «ልጆች፣ ትሕትና ማለት ይህ ነው! እውነተኛ ጀግና ራሱን ይወቅሳል! እናጨብጭብ!»

ልማድ ክፉ ነው፤ ግማሹ ተማሪ አጨበጨበ። መምህሯ «ጌታዬ፣ ሰውየው እኮ አሁን—» ብላ ወደ መድረኩ ስትመጣ፣ ዳይሬክተሩ በጆሮዋ «እብነ በረዱ ተቀርጿል፤ ድንጋይ በላጲስ አይጠፋም» አሏትና ጨርቁን ገለጡት።

ከዚያ በኋላ ሁለት ቀን ቤት ውስጥ ያለው ንግግር «ምሳ ቀርቧል» ብቻ ሆነ፤ እሱንም የምትለው ሴት ልጃቸው ናት፣ ሳህኑን እያየች። በሦስተኛው ቀን፣ ከሰዓት በኋላ፣ ልጅቱ በንጹህ የተገለበጠ አሥራ ሁለት ገጽ አምጥታ አልጋቸው ጫፍ ላይ አስቀመጠች።

«ፈርም አባባ። በየገጹ ግርጌ።»

መነጽራቸውን አድርገው አነበቡ። ሁለቱም ታሪክ አለ። «መጀመሪያ እንዲህ አሉ፤ ቀጥሎ እንዲህ አሉ» ይላል። ጀግና የሚል የለበትም። ውሸታም የሚልም የለበትም፤ ፈልገው አጡት። ቢኖር ይሻላቸው ነበር፤ የሰደበ ሰው ውሎ አድሮ ይታረቃል።

«አንድ ነገር ጎድሏል የኔ እናት» አሉ አሥራ አንደኛው ገጽ ላይ።

«ምን?»

«ማልቀሴ። ስለ ሴትየዋ ሳወራ አለቀስኩ እኮ። መሐረቤን አውጥቼ—»

«አላለቀስክም።»

«እንዴት አላለቀስኩም? ድምፄ ተቆራርጦ!»

«ፊት ለፊትህ ነበርኩ አባባ። መሐረቡን ያወጣኸው ስለ ፓምፑ ስታወራ ነው። ላብህን ነው የጠረግከው። ስለ ሴትየዋ ስታወራ ቱቦውን ይዘህ ነበር።»

«ውስጤ ግን አልቅሷል። እሱ አይቆጠርም?»

ልጅቱ አልተቆጣችም። ብትቆጣ ኖሮ የሚይዙት ነገር ያገኙ ነበር። «ውስጥህን አላየሁትም» አለች።

አባ ዝጋው መነጽራቸውን አስተካከሉ። እውነትም በሁለቱ ቀናት ዝምታ ውስጥ አዲሷን ታሪክ ጀምረዋት ነበር፤ ያ የተጸጸተው ሽማግሌ፣ ያ በሦስት መቶ ተማሪ ፊት ያነባው። ትንሽ ብትቆይ ፀጉር አስተካካዩ ጋ ትደርስና አዲስ ስም ታወጣላቸው ነበር። ብዕሩን ተቀበሉ። አሥራ ሁለት ጊዜ ፈረሙ።

ልጅቱ ገጾቹን ሰብስባ ጠርዛቸውን ጉልበቷ ላይ አስተካከለች። «አሁን እትዬ ጋ ልሄድ ነው።»

«ልታባዢው?»

«ላነብላት። የሷንም ልጽፍ።»

«ማን ነኝ ልትያት ነው?»

«ቱቦውን የያዘው ሰውዬ የልጅ ልጅ።»

አባ ዝጋው ብርድ ልብሱን ወደ ጉልበታቸው ሳቡ። «ታባርርሽ ይሆናል እኮ።»

«ታባርረኝ ይሆናል» አለች በሩን እየከፈተች። «ማባረሯን እጽፋለሁ።»