የሰዓት ሠሪው ስም

«ምን ያስለቅሳታል? ተገላገለች እንጂ!» አለች ከለቀስተኞቹ መሀል ልብስ ሰፊዋ ጎረቤት። በሹክሹክታ ማውራቷ ነበር።

የሟቹ የሰዓት ሠሪው ሚስት ግድግዳውን ተደግፋ እንደተቀመጠች ሰማቻት። አይኗ ደከመ እንጂ ጆሮዋ ምን ሆነ! አባብጦ ቀልቷል፣ ግን አንድ ቃል አያመልጠውም።

ሰፈሩ በአይኑ ያየውን አይቷል። የሰዓት ሠሪው ሚስት አይኗ ደም ለብሶ ትወጣለች፣ ጆሮዋ ይበልዛል፣ በኋላማ አፍንጫዋ መሀሉ ላይ ሰረጎደ። ከዚህ ወዲያ ምን ምስክር ያሻል? ያ ዝምተኛ ባሏ ሚስቱን የሚደበድብ አውሬ ተባለ። ሐኪሙ ግን ለሁለቱም ቁልጭ አድርጎ ነግሯቸው ነበር፤ ብዙ ሰው የማይገጥመው በሽታ ነው፣ ሰውነቷ የገዛ ለስላሳ አጥንቷን እንደ ጠላት ያጠቃል፣ ጆሮና አፍንጫ አልበቃ ብሎት አይኗም ውስጥ ገብቷል።

«ለሰዉ እንንገረው እንጂ» ስትለው ባሏ ሳቀ።

«በር መታኝ ከምትል ሴት በምን ትሻያለሽ?»

ለታላቅ ወንድሟ ግን ነገረችው። «የገዛ ሰውነቴ በላኝ ነው የምትይኝ? ሞኝሽን ፈልጊ!» አለና፣ ሱቁ ድረስ ሄዶ ባሏን በሰው ፊት በጥፊ አጮለው። ሰዓት ሠሪው ጉንጩ እንደቀላ ቤት ገባ፣ እጁን ታጠበ፣ እንደ ሁልጊዜው የአይኗን መድኃኒት ጠብ አደረገላት። እሷም እንደ ልማዷ አንገቷን ወደ ኋላ ጣል አድርጋ ጠበቀችው። ከወንድሟ ጋር ሳይታረቅ ድንገት ልቡ ቀጥ አለች።

እሷ የፈለገችው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ በዚህ ስም እንዳይቀበር። በዚያው ስም ተቀበረ።

«መትቶኝ አያውቅም!» ብላ ጮኸች።

ልብስ ሰፊዋ ተጠግታ እጇን ያዘቻት። «አይዞሽ እህቴ፣ አሁን እኮ የለም። አትፍሪ።»

ምን ትበላቸው? እንባዋ ብቻ መጣ፣ እሱም የታመመ አይኗን እንደ በርበሬ ለበለባት።

ወንድሟ ከሰዉ መሀል ተነስቶ አጠገቧ ተቀመጠ። እንባዋን ሊጠርግላት እጁን ወደ ፊቷ ሰደደ። ለእሷ የታያት ጥላ ነው፤ ወደ ፊቷ የሚመጣ የወንድ እጅ። አልሸሸችም። አንገቷን ወደ ኋላ ጣል አድርጋ፣ የታችኛውን የአይኗን ቆብ በጣቷ ሳብ አደረገች።

«ቶሎ በል፣ እያቃጠለኝ ነው» አለች።

የወንድሟ እጅ አየር ላይ ቀረ። እሷ አይኗን ከፍታ ጠበቀች።