ከፍተሻ ነፃ

የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው ይላሉ። የእነዚህ ሁለት ወንድማማቾች እናት ግን አንዱን ከወለደች ሌላውን ከየት እንዳመጣችው ለእኔ እስከ ዛሬ አልገባኝም። ታላቅየው የሆስፒታሉ የኮምፒውተር ደኅንነት ኃላፊ ነው። ሠራተኛው ሁሉ «ጠርጣራው» ይለዋል፤ እሱም ስሙን እንደ ሹመት ተቀብሎታል። ታናሽየው እዚያው ሕንፃ ምድር ቤት ሰርቨሮቹን፣ የሆስፒታሉ ሥራ ሁሉ የሚያልፍባቸውን ትልልቅ ኮምፒውተሮች፣ ይይዛል። አባታቸው ሲሞት ታናሽየውን ያለበሰው፣ ያስተማረው፣ ኋላም ሥራ ያስገባው ጠርጣራው ነው። ውለታውን አንዴ ተናግሮ ዝም ቢል ምን ነበረበት? በየስብሰባው ያወራዋል።

ጣጣው የመጣው ከላቦራቶሪው ማሽን ነው። ማሽን ስል ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ ዕቃ አይደለም። በአንድ ትልቅ ሰርቨር ሆድ ውስጥ፣ እንደ ተከራይ የየራሳቸውን ክፍል ይዘው ከሚሠሩት ቨርቹዋል ማሽኖች አንዱ ነው፤ ሁለመናው አንድ ግዙፍ ፋይል ነው። ያ ፋይል ካልተከፈተ የደም ምርመራ ውጤት የለም። ሰሞኑን ማሽኑ ጠፍቶ ሲበራ አልነሣም እያለ አስቸገረ። በሽተኛው የውጤት መስኮቱ ፊት ተኮልኩሎ ይውላል፤ መስኮቱ ውስጥ ያለችው ሴት የማታውቀውን ጥፋት ስትሰደብበት ትውላለች።

ታናሽየው ምክንያቱን ደረሰበት። ጠርጣራው ሰርቨሩ ላይ የጫነው ፀረ ቫይረስ፣ ማሽኑ ሊነሣ ሲል ፋይሉን ቀድሞ ይይዝና ከጫፍ እስከ ጫፍ ካልፈተሽኩ ይላል። ፋይሉ በፈታሹ እጅ እያለ ደግሞ ማሽኑ ሊከፍተው አይችልም። መፍትሔው ማሽኖቹ የተቀመጡበትን አንድ ፎልደር ከፍተሻ ነፃ ማድረግ ነው። በእያንዳንዱ ማሽን ውስጥ ያለው ፍተሻ እንደሆነ አይነካም።

«ጋሼ፣ ይቺን አንድ ፎልደር ብቻ ይተዉልኝ» ብሎ ለመነው።

«እኔ ባለሁበት ያልተፈተሸ አያልፍም!» አለ ጠርጣራው። «ሰርቨርህን ራስህ አበላሽተህ በእኔ ልታላክክ ነው?»

ነገሩ ሥራ አስኪያጇ ዘንድ ደረሰ። ነገር ሲንዛዛ የማትወድ ሴት ናት። «እፊቴ ሞክሩት። ፎልደሩ ነፃ ሆኖ ማሽኑ ከተነሣ ፀረ ቫይረሱን እናስተካክላለን። ካልተነሣ ጥፋቱ የሰርቨር ክፍሉ ነው፤ እኔም ሌላ ሰው እቀጥራለሁ» አለች። ታናሽየው ይህን ሲሰማ ደስ አለው። ሚስቱ ወሯ ገብቷል፤ ሥራው ከእጁ ቢወጣ ከነልጁ የሚገባበት የለውም። ግን ምን ያስፈራዋል? ማሽኑ እንደሚነሣ ያውቃል። ደግሞም በዕድሜው አንድ ቀን እንኳ በወንድሙ ፊት ትክክል ሆኖ መታየት አምሮታል።

የፀረ ቫይረሱ ማዘዣ ገጽ በስብሰባ ክፍሉ ግድግዳ ላይ በትልቁ ታየ። የይለፍ ቃሉ ያለው ጠርጣራው ዘንድ ብቻ ነው። ፎልደሩን መረጠ፣ «ከፍተሻ ነፃ» የሚለው ላይ ምልክት አደረገ፣ «አስቀምጥ» አለና ገጹን ዘጋው። ታናሽየው ክው አለ። የተቀመጠ ትእዛዝ ሰርቨሩ ጋ የሚደርሰው «ላክ» የሚለውን ሲጫኑት ነው። ይህን ከሁለቱ በቀር እዚያ ክፍል ውስጥ የሚያውቅ የለም።

ያኔውኑ መናገር ነበረበት። ግን ያሳደገውን ታላቅ ወንድም በሰው ፊት «ተሳስተዋል» ማለት ከየት ይምጣ? ረስቶት ይሆናል፣ አሁን ያስታውሳል ብሎ ጠበቀ። ማሽኑ እንዲነሣ ታዘዘ። ተንገታገተና ሳይነሣ ቀረ።

«ጋሼ... ላክ የሚለውን አልተጫኑትም» አለ።

«ተጭኛለሁ» አለ ጠርጣራው፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ።

«እስቲ ገጹን ይክፈቱትና እንይ!»

ጠርጣራው ወደ ሥራ አስኪያጇ ዞረ። «እመቤት፣ ይህ ልጅ ወንድሜ ነው። አባት ሆኜ ነው ያሳደግኩት። በእሱ ብዋሽ ምን እጠቀማለሁ?»

ሥራ አስኪያጇ ሁለቱንም አየቻቸው። ሰው በገዛ ወንድሙ አይዋሽም፤ ሥራው ሊቀርበት ያለ ሰው ግን ሰበብ አያጣም ብላ ደመደመች። ገጹ ሳይከፈት ቀረ። ይህቺ ሴት አንድ ጣት መዘርጋት ከብዷት የሰው እንጀራ ቆረጠች።

ያኔ ጠርጣራው አጎንብሶ መለመን ጀመረ። «በእኔ ሞት፣ እንዳታባርሪው! ሰርቨሩን ሌላ ሰው ይያዘው፣ እሱ ከእኔ ሥር ሆኖ እያየሁት ይሥራ።» ክፍሉ በሙሉ በደግነቱ ተነካ። አንዷማ ዓይኗን ጠረገች።

ከምሳ በኋላ ጠርጣራው ቢሮውን ዘግቶ «ላክ» የሚለውን ተጫነ። ማሽኑ ወዲያው ተነሣ። «ጠርጣራው ባይኖር ምን ይውጠን ነበር!» ተባለ።

ታናሽየው ዕቃውን በካርቶን ይዞ ወደ አዲሱ አለቃው ቢሮ ገባ። ካርቶኑን ሳያስቀምጥ «ጋሼ፣ ለምን?» አለ።

«ዛሬ ትክክል ብትሆን ነገም ልሁን ትላለህ» አለው ጠርጣራው፣ ሳይቆጣ። «ቤታችን ውስጥ ትክክል አንድ ነው።»

የጠርጣራው ስልክ ጮኸ። እናታቸው ናት። «ይኸው አጠገቤ ነው» አላትና ድምፁን ከፍ አድርጎ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አኖረው።

«የእኔ ልጅ፣ ሰማሁ» አለች። «ወንድምህ ለምኖ አስቀረህ አሉ። እግዜር ምን ዓይነት ወንድም ሰጠህ! በል አመስግነው።»

ታናሽየው ሚስቱን አሰበ። ከዚህ ወጥቶ የሚሄድበትን ሌላ በር ፈለገ፤ አጣ። «እግዜር ይስጥልኝ፣ ጋሼ» አለ።

ጠርጣራው ስልኩን አነሣና ወደ ወንድሙ አፍ አስጠጋው።

«ጮክ በል፤ እማዬ አልሰማችም።»

ጮክ ብሎ ደገመው።