በአማቱ መታወቂያ

የክሊኒኩ ካርድ ክፍል ሠራተኛ ሥራ በጀመረ በሁለተኛው ዓመት «ካዝናው» የሚል ስም ወጣለት። ከዚያ ወዲህ ደመወዝ ከፋይዋ ካልሆነች በቀር በትክክለኛ ስሙ የሚጠራው የለም። ስሙም በከንቱ አልወጣለትም። የአሥራ አንድ ሺህ ሰው ማኅደር የተደረደረባትን ያቺን ጠባብ ክፍል እንደ ዓይኑ ብሌን ነው የሚጠብቃት። አንድ ጊዜ የክሊኒኩ ባለቤት ራሳቸው የጎረቤታቸውን ካርድ «እስቲ አንዴ ልየው» ብለው በመስኮቷ እጃቸውን ሰደዱ። «ጌታዬ፣ ሐኪሙ ካልጠየቀኝ አይወጣም» አለና መስኮቷን ቀስ አድርጎ ዘጋባቸው። እጃቸውን ግን አስወጥቶ ነው።

የራሱማ ነገር አይነሳ። ለባልደረቦቹ የልደት ቀኑን በየዓመቱ በተለያየ ወር ስለሚነግራቸው ኬክ ገዝተው ሦስት ጊዜ ያለ ቀኑ አክብረውለታል። ዕቃ የመጣበት ካርቶን ላይ ስሙ ካለ ቆርጦ፣ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፎ፣ ቀለሙ ሲለቅ ነው የሚጥለው። ሚስቱ «ያገባሁት ካርድ አውጪ ነው ወይስ ሰላይ?» ትለዋለች።

እንግዲህ እንዲህ ያለው ሰው ነው ቤቲንግ የለመደው። ያስለመደው የላብራቶሪው ቴክኒሻን ነው። ቴክኒሻኑ በምሳ ሰዓት ስልኩ ላይ አጎንብሶ ለብቻው ይስቃል፣ ለብቻው ይተክዛል፣ ጠረጴዛ ይመታል። ኳስ ማን እንደሚያሸንፍ ገምቶ ትንሽ ገንዘብ አስይዞ ነው። ካዝናው ኳስ ያውቃል፤ ከቴክኒሻኑ የበለጠ እንደሚያውቅም ያውቃል። ያሳሳተችውም ይህችው ናት። አንድ ረቡዕ ሽንት ቤት ገባ፤ በሩን ቆልፎ የውርርዱን ገጽ ከፈተ።

ገጹ ሙሉ ስም ጠየቀው። የልደት ቀን ጠየቀው። የመኖሪያ አድራሻ፣ የእናት ስም፣ የመታወቂያ ፎቶ ከፊትም ከጀርባም ጠየቀው።

«ሊድሩኝ ነው እንዴ?» አለና ዘጋው።

ነገር ግን በዚያው ሳምንት ሦስት ጨዋታ በልቡ ገምቶ ሦስቱም እንዳለው ሆኑ። እንዲህ እያወቀ ባዶ ኪሱን መቅረቱ አንገበገበው። ሰኞ ዕለት ስልኩ ውስጥ ያሉትን ፎቶዎች ሲያገላብጥ የአማቱን መታወቂያ አገኘ። አምና የክሊኒክ ካርዳቸውን ሲያድስላቸው ያነሳው ነው፤ ጥርት ያለ፣ ማዕዘኑ እንኳ ያልተቆረጠ። የእናታቸውን ስም ደግሞ ካርዳቸው ላይ አይቶ በቃሉ ይዞታል።

ሰው ራሱን ለማታለል ጠበቃ አያስፈልገውም። «ሰባ አንድ ዓመታቸው ነው፤ ማን ምን ያደርጋቸዋል? ደግሞ ስም ብዋስ ስማቸው አያልቅ» አለ ለራሱ። የሰውን ገመና አሥራ አምስት ዓመት የቆለፈው ካዝና በአማቱ ስም ተከፈተ።

ያስቸገረው ስልክ ቁጥሩ ነበር። ገጹ ቁጥሩ በመታወቂያው ስም የተመዘገበ ካልሆነ አልቀበልም አለ። ስለዚህ ቅዳሜ ጠዋት ብርቱካን በፌስታል አንጠልጥሎ አማቱ ቤት ሄደ።

«እማማ፣ ስልክዎ ተጨናንቋል መሰለኝ። እስቲ ላጽዳልዎ» ብሎ ስልኩን ተቀበላቸውና ገጹ የላከውን የማረጋገጫ ኮድ አየት አድርጎ መልእክቱን አጠፋው።

ገጹ በየሳምንቱ አዲስ ኮድ ይፈልግ ስለነበር በየቅዳሜው መሄድ ግድ ሆነበት። ሚስቱ ደስታዋን የምታስቀምጥበት አጣች። ለእህቷ በስልክ «እናቴን እንዲህ የሚወድ ባል ማን አላት?» ስትል በሰማ ቁጥር የሚገባበት ይጠፋዋል።

አማቱ ጡረታ የወጡ የማዞሪያ ስልከኛ ናቸው። ሠላሳ ሁለት ዓመት ማዳመጫ አጥልቀው፣ ገመድ እየሰኩ እየነቀሉ፣ የከተማውን ሰው እርስ በርስ ሲያገናኙ ኖረዋል። ማዳመጫውን ካወለቁ ወዲህ ስልክ ጆሯቸው ላይ መለጠፍ ስለማይወዱ ሁልጊዜ በድምፅ ማጉያው ነው የሚያወሩት። ካዝናው ግን ዓይናቸው መድከሙን እንጂ ጆሯቸውን አላሰበበትም።

ስድስት ሳምንት ሲያገኝ ሲያጣ ቆይቶ በሰባተኛው አምስት ጨዋታ በአንድ ውርርድ ደረደረ፤ አምስቱም ሰመሩለት። የሦስት ወር ደመወዙን የሚያህል ገንዘብ በአማቱ ስም ቁጭ አለ። ላውጣ ሲል ገጹ «የአካውንቱ ባለቤት ፊታቸውን በካሜራ ያሳዩ» አለው። ወሽመጡ ቁርጥ አለ።

ሐሙስ ዕለት ተወራራጆች የሚያወሩበት አንድ የስልክ ቡድን ውስጥ ገብቶ «ያለ ፊት ማውጣት የሚቻልበት መንገድ አለ?» ብሎ ጠየቀ። ሁለት ደቂቃ አልሞላም፣ አንድ «ወኪል ነኝ» ባይ ሊንክ ላከለት። ሲጫነው የመጣው ገጽ ቀለሙም ምልክቱም የዋናው ነው። አድራሻው ላይ አንዲት ፊደል ተደግማ ነበር፤ እሷን አላያትም። የአማቱን ስም፣ ልደት፣ የእናታቸውን ስም፣ ስልካቸውን፣ መታወቂያቸውን፣ የይለፍ ቃሉንም ጭምር አንድ በአንድ ሞላ። ገጹ በትህትና «በሁለት ቀን ውስጥ እንደውልልዎታለን» አለው።

የሚደወለው ለማን እንደሆነ የገባው ወደ ቤቱ ሲሄድ አውቶቡስ ውስጥ ነው። ወንበር ለቅቆለት የተነሳ ሰው እያለ፣ ቆሞ ቀረ።

ቅዳሜ ብርቱካኑን እንኳ ሳይገዛ ማልዶ ደረሰ። ሳይደወል በፊት ፊታቸውን አንስቶ ገንዘቡን አውጥቶ ሊገላገል ነው ሐሳቡ።

«እማማ፣ ክሊኒኩ አዲስ አሠራር አምጥቷል። ፎቶ ላንሳዎት።»

አማቱ ነጠላቸውን አስተካክለው መስኮቱ ሥር ተቀመጡ።

«ወደ ግራ ዞር ይበሉ። አሁን ወደ ቀኝ። አሁን ደግሞ ፈገግ ይበሉ።»

«ጥርሴ ምን ያደርግላችኋል?» አሉ አማቱ ሳይስቁ።

«አሠራር ነው እማማ።»

«ታምሜ ስመጣም እየሳቅሁ ነው የምመጣው?»

በዚህ መሐል የእሳቸው ስልክ ጠራ። እንደ ልማዳቸው ማጉያውን ከፈቱና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት።

«ጤና ይስጥልኝ እናቴ» አለ ለስላሳ የወጣት ድምፅ። «ከውርርድ ድርጅቱ የደንበኞች አገልግሎት ነው የምደውለው።» ቀጥሎ ሙሉ ስማቸውን እስከ አያት፣ የተወለዱበትን ቀን፣ የእናታቸውን ስም አንበለበለው።

አማቱ ስልኩን ሳይሆን አማቻቸውን አዩት። ካዝናው የራሱን ስልክ ኪሱ ውስጥ ከተተ።

«እናቴ ከሞተች ሠላሳ ዓመቷ ነው» አሉ ወደ ስልኩ ተመልሰው። «የት አግኝታችሁ መዘገባችኋት?»

«ሲስተማችን ላይ አለች እናቴ። የደወልኩት ስላሸነፉት ገንዘብ ነው።»

«ምን አሸነፍኩ?»

«አምስት የኳስ ጨዋታ ገምተው።»

«አምስቱንም አገኘሁ?»

«አምስቱንም።»

«ጎበዝ ነኛ» አሉ አማቱ።

ልጁ ሳቅ አለ። «አሁን ስልክዎ ላይ ስድስት ቁጥር ይገባል። እሱን ብቻ ያነቡልኛል፤ ገንዘቡን ወዲያው እለቅልዎታለሁ።»

ስልኩ ንዝር አለ። ወኪል ነኝ ባዩ ሌባ እንደነበር ያኔ የገባው ካዝናው ከወንበሩ ዘሎ ተነስቶ ሁለት እጁን እንደ ዳኛ አወናጨፈ፣ አንገቱን ነቀነቀ፣ አፉን ያለ ድምፅ ከፈተ ዘጋ። አማቱ ጣታቸውን ወደ ወንበሩ ቀሰሩ፤ ተቀመጠ።

«መነጽሬን ላምጣ» አሉ። መነጽራቸው ግንባራቸው ላይ ነበር። ወደ ማድ ቤት ገብተው ሁለት ብርጭቆ አጠቡ፤ አድርቀው ሰቀሉ፤ ተመለሱ።

«አለህ ልጄ?»

«አለሁ እናቴ። ቁጥሩን—»

«ብትቀመጥ አይሻልህም? ቆመህ ነው የምታወራው። ደረጃ ላይ ነህ መሰለኝ፤ ድምፅህ ይመለሳል። ከኋላህ ደግሞ ሌላ ሰው ለሌላ እናት ያንኑ ቃል ይነግራታል። ስንት ናችሁ?»

ከልጁ ኋላ በእርግጥም «ስድስት ቁጥር ብቻ» የሚል ድምፅ ሲመጣ ካዝናውም ሰማው።

«እናቴ፣ ጊዜ የለንም፣ ኮዱ ያልፍበታል።»

«ይለፍበት። የእናትህ ስም ማን ነው?»

«ምን አሉኝ?»

«የእኔን እናት ስም ነግረኸኝ የለ? እኔም ያንተን ልወቅ እንጂ።»

«እሱን መናገር አይፈቀድልንም» አለ ልጁ። «የግል መረጃ ነው።»

«አየህ» አሉ አማቱ በረጅሙ ተንፍሰው፣ «ታውቀዋለህ ለካ።»

መስመሩ ተዘጋ። አማቱ መነጽራቸውን ከግንባራቸው ወደ ዓይናቸው አወረዱ።

«በል እንግዲህ አንተ ንገረኝ። አምስቱን ጨዋታ እንዴት አድርጌ ነው የገመትኩት?»

ካዝናው ከሽንት ቤቱ ጀምሮ እስከ አውቶቡሱ ድረስ አንዲት ሳያስቀር ተናዘዘ። አማቱ ሲጨርስ አልጮሁም። ጮኸው ቢሆን ይሻለው ነበር።

«መታወቂያዬንስ ራሴ ሰጠሁህ። የእናቴን ስም ከየት አመጣኸው?»

«ከካርድዎ ላይ ነው እማማ።»

ይህን ቃል ከገዛ አፉ ሲሰማው ያኔ ገና አፈረ። የባለቤቱን እጅ ከመስኮቷ ያስወጣ ሰው፣ የገዛ እጁን እንዳላስወጣ ታየው።

«ሠላሳ ሁለት ዓመት የሰው ወሬ በጆሮዬ አልፏል» አሉ አማቱ። «አንዲት ቃል ይዤ ቤቴ አልገባሁም። በል ተነስ፣ ወረቀትና እስክሪብቶ አምጣ።»

የዚያን ቀን የሠሩት ሥራ ሙሉ ጠዋት ወሰደ። መጀመሪያ የይለፍ ቃሉን አስቀየሩት፤ አዲሱን ራሳቸው መረጡት፤ ምን እንደሆነ እስከ ዛሬ አያውቅም። ቀጥሎ ማንም ከላከው ሊንክ ሳይሆን ከድርጅቱ ከራሱ ገጽ ላይ ስልኩን ፈልጎ እንዲደውል አደረጉት። የመለሰችው ሴት ባለቤትየዋን ስትጠይቅ አማቱ ቀረቡና በስማቸው የተጫወተው አማቻቸው እንደሆነ፣ አጭበርባሪ እንደደወለላቸው፣ አካውንቱ እንዲዘጋ፣ ውስጡ ያለውም እንዲጠፋ እንደሚፈልጉ አንድ ሳያዛንፉ ነገሯት። ሰኞ ደግሞ ባንክ ሄደው «በስሜ የሚመጣ ሰው ካለ እኔ አይደለሁም» አሉ። ገንዘብ ተቀባዩ «ታዲያ እርስዎ ማን ነዎት?» ብሎ ትንሽ አስቸግሯቸው ነበር።

ድርጅቱ ያሸነፈውን ገንዘብ አልከፈለም፤ በሰው ስም የተጫወተ ክፍያ አያገኝም ብሎ ያስያዘውን ብቻ መለሰ። ካዝናው ተቆጨ ቢባል ውሸት አይሆንም። የተመለሰችውን ግን አማቱ «በእኔ ስም ነው የመጣችው» ብለው የሚያፈስ ጣራቸውን ማስጠገኛ አደረጓት። መረጃቸውንም ድርጅቱ «ለተወሰነ ጊዜ እናቆየዋለን፣ ከዚያ እናጠፋዋለን» ስላለ በየሰኞው እየደወሉ «እናቴ አሁንም እዚያው ናት?» ብለው ይጠይቃሉ። ሴትየዋ ድምፃቸውን ለምዳዋለች።

ለሚስቱ ግን አልነገሩለትም። «እኔ የሰው መስመር አልጠልፍም። ራስህ ደውል» አሉት።

አንድ ሳምንት ቻለው። እሑድ ከሰዓት ሚስቱ ዕቃ ስታጥብ እሱ እያደረቀ ነገራት። እጇ ሳሙናው ውስጥ እንዳለ ቆመች። የቅዳሜው ፍቅር የኮድ ፍቅር መሆኑ ከሁሉ በላይ አሳዝኗታል፤ ፊቷ ላይ አየው። እጇን አደረቀችና «ስልክህን አምጣ» አለች። «ከእናቴ ሌላ የማን መታወቂያ አለበት?»

ሶፋው ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው ፎቶዎቹን ከታች ወደ ላይ ገለጡ። የእሷ አለ። የእህቷና የእህቷ ባል አለ። የልጆቹ የልደት ወረቀት፣ የአከራያቸው ፓስፖርት፣ የቴክኒሻኑ መንጃ ፈቃድ አለ። አንድ በአንድ አጠፉት።

«ያንተስ?» አለች።

«የኔ የለም።»

ልትቆጣ አፏን ከፈተችና ሳቋ ቀደማት። ትራሱን ፊቷ ላይ አድርጋ ሳቀች፣ እስክትደክም ሳቀች። እሱ መሳቅ ይፈቀድለት እንደሆነ ስላላወቀ ስልኩን ይዞ ተቀመጠ።

«ቅዳሜስ ትሄዳለህ?» አለችው በመጨረሻ ዓይኗን እየጠረገች።

«እሄዳለሁ። ጣራ ሠሪዎቹ ይመጣሉ፤ መሰላል ትይዛለህ ብለውኛል።»